ታንከሩ ውስጥ የወደቀው ዳዶ

(በሬዲዮ ከተላለፈ ትምህርት በጽሑፍ የተዘጋጀ)

  የዛሬው ርዕሳችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ስለ ሞተር ሳይክል ነው የምንነጋገረው። አዎ፣ ስለ ሞተር ሳይክል የቤንዚን ታንከርና እዚያ ውስጥ ስለሚወድቅ ባዕድ ነገር። «ይሄ ደግሞ ለነፍሴ ምን ይጠቅማል?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰኝ።

መጽሐፍ ቅዱስ የያዛችሁ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 6ን ከቁጥር 1 እስከ 7 ክፈቱ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። የነቢያት ልጆች ቤታቸው ጠበባቸውና እንጨት ሊቆርጡ ወደ ዮርዳኖስ ወረዱ። ኤልሳዕም አብሯቸው ሄደ። አንዱ እንጨት ሲቆርጥ የምሳሩ ብረት ወልቆ ውሃ ውስጥ ገባ። ሰውዬውም ጮኸ። ለምን ጮኸ? ብረቱ የራሱ አልነበረማ! የተዋሰው ነበር።

ልብ በሉ ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ዝም ማለት ይችል ነበር። እጀታውን ቁጥቋጦ ውስጥ ጥሎ፣ ማታ ለባለቤቱ «ሌባ ወሰደው» ማለት ይችል ነበር። ዮርዳኖስ እንደሆነ አይናገርም። እሱ ግን እዚያው፣ በወደቀበት ደቂቃ፣ በሰው ፊት ተናገረ። ነቢዩም አልተቆጣውም። በመጀመሪያ የጠየቀው ብረቱ የወደቀበትን ቦታ ነው። ሰውዬውም አሳየው።

ዛሬ ለብዙ ወጣት ምሳሩ ሞተር ሳይክል ነው። በሐዋሳ፣ በሶዶ፣ በዲላ፣ በጅማ ዙሪያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ወንጌላዊው ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ የሚዞረው በሞተር ነው። ጤና ባለሙያው ክትባት ይዞ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚወጣው በሞተር ነው። የስንት ቤት እንጀራ በዚያች ሞተር ላይ ነው! ብዙ ጊዜም የራስ አይደለችም፤ የጓደኛ ናት፣ የመሥሪያ ቤት ናት፣ የቤተ ክርስቲያን ናት።

እንበልና አንድ ልጅ ጋራዥ ውስጥ ረዳት ነው። የታንከሩን ክዳን ሲፈታ አንዲት ዳዶ ከእጁ አምልጣ ቂው ብላ ገባች። ዞር ብሎ አየ። ማንም አላየውም። ጌታው ከደንበኛ ጋር እያወራ ነው። ልጁ ምን ያስባል? «ብናገር በጥፊ ይለኛል። ከሥራ ያባርረኛል። ደግሞ አንዲት ዳዶ ምን ታመጣለች? ክዳኑን ልዝጋውና ይሂድ።» ክዳኑን ዘጋ። ባለሞተሩ ከፍሎ ሄደ።

እስቲ ቆም ብለን እንይ፤ ያቺ ነገር ውስጥ ገብታ ምን ትሠራለች?

ታንከሩ ሥር፣ ቤንዚን ወደ ካርቡሬተር የሚወርድበት ሩቢኔት አለ። ብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ሩቢኔቱ ወደ ታንከሩ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ወንፊት አለው። ስለዚህ ዳዶዋ በቀጥታ ሞተሩ ውስጥ አትገባም። «አየህ፣ ምንም አትሆንም» ትለኝ ይሆናል። ቆይ ወንድሜ። መንገዱ ኮረኮንች ነው። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ዳዶዋ ትዘላለች። የታንከሩን የውስጥ ግድግዳ ትፍቃለች፣ በተፋቀው ቦታ ዝገት ይጀምራል። ወንፊቱንም እየመታች ልትቀደው ትችላለች። ወንፊቱ ከተቀደደ በኋላ ዝገቱም ቆሻሻውም ወደ ካርቡሬተሩ ይወርዳል፣ ጠባቦቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ችግሩ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ያኔ ማንም ያቺን ቀን አያስታውስም።

የወደቀው ብረት ሳይሆን የፌስታል ቁራጭ ወይም ጨርቅ ቢሆንስ? ይሄኛው የባሰ ተንኮለኛ ነው። ቤንዚኑ ወደ ሩቢኔቱ ሲወርድ ፌስታሉን እየጎተተ ወንፊቱ ላይ ይለጥፈዋል። ሞተሩ ጥቂት መንገድ ይሄድና ይጠፋል። ባለሞተሩ ወርዶ ካንዴላ ይፈታል፣ ያጸዳል፣ ግራ ይገባዋል። እስከዚያው ቤንዚኑ መሳቡን ሲያቆም ፌስታሉ ይላቀቅና ወደ ጎን ይሄዳል። ሞተሩ ይነሳል! «ተመስገን፣ ካንዴላው ነበር» ይላል። ትንሽ ከሄደ በኋላ እንደገና ይጠፋል። ካንዴላ ይለውጣል፣ ካርቡሬተር ያስጠርጋል፣ ገንዘቡን ይጨርሳል። በሽታው ግን ታንከሩ ውስጥ ነው።

ወገኖቼ፣ የተደበቀ ነገርም ልክ እንዲህ ነው። በሕይወታችን ስንት ጊዜ ካንዴላ እንቀይራለን! ሰፈር እንቀይራለን፣ ሥራ እንቀይራለን፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር እንቀይራለን። ቆም ስንል ይሻለናል፣ ጉዞ ስንጀምር ያው ይመለሳል። ከሥር ያለውን ግን አላወጣነውም።

ደግሞ አንዳንዱ «ጊዜ ራሱ ያወጣዋል፣ ከላይ ይንሳፈፋል» ይላል። አይንሳፈፍም! የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ውሃ ላይ ብትጥሉት ይንሳፈፋል። ቤንዚን ውስጥ ግን ይሰምጣል። ምክንያቱም አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ሲመዝን አንድ ሊትር ቤንዚን ከ750 ግራም ብዙም አይርቅም። ቤንዚን ቀላል ነው፣ ክዳኑን መሸከም አይችልም። ስለዚህ ቤንዚን በጠርሙስ ገዝታችሁ የምትሞሉ ሰዎች፣ ክዳኑ ከገባ ተንሳፎ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ኤልሳዕ ብረቱን ያወጣው በተአምር ነው፤ አሜን። ግን ተአምሩ ውስጥም ቦታውን ማሳየት ነበረ፣ እንጨት መቁረጥ ነበረ፣ ሰውዬው ራሱ እጁን ዘርግቶ ማንሳት ነበረ። «ጸልዬበታለሁ» ብሎ ሞተሩን ማስነሳት እምነት አይደለም። ስለዚህ ጥንቃቄውን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ አቁሙ። ሞተሩን አታስነሱ፣ ሞተሩን እያወዛወዛችሁም አትፈልጉ። ሩቢኔቱን ዝጉ። ሞተሩ ትኩስ ከሆነ እስኪበርድ ጠብቁ። የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ፍቱ። ለባለቤቱም ያኔውኑ ንገሩት።

ሁለተኛ፣ እሳት ይራቅ። ሥራው በውጭ፣ አየር ባለበት ቦታ ይሁን። የቤንዚን ተን ከአየር 3 እስከ 4 እጥፍ ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ላይ አይበንም፣ መሬት ለመሬት ይሄዳል። እዚያ ማዶ የቡና ከሰል ከተቀጣጠለ ተኑ ሄዶ ያገኘዋል። እሳቱም ተኑን ተከትሎ ወደ እናንተ ይመለሳል። ታንከር ውስጥ ለማየት ክብሪት፣ ሻማ ወይም ላይተር የሚያበራ ሰው ራሱን እያጠፋ ነው። እባካችሁ! የፀሐይ ብርሃን ይበቃችኋል።

ሦስተኛ፣ ቤንዚኑን አውጡ፣ ግን በአፍ አትሳቡ። ይህ ልማድ በየሰፈሩ አለ። ቤንዚን በትንታ ሳንባ ከገባ ሳንባን ክፉኛ ያቆስላል፣ ሊገድልም ይችላል። የዋጠ ሰው ካለ እንዲያስመልስ አታስገድዱት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከሩቢኔቱ ሥር ያለውን ቱቦ ነቅሎ፣ ሩቢኔቱን ከፍቶ ወደ ንጹሕ ጀሪካን ማውረድ ይቻላል። ጀሪካኑ መሬት ላይ ይቀመጥ። ቤንዚኑን ቦይ ውስጥ አትድፉት፣ ውሃውንም አፈሩንም ይመርዛል።

አራተኛ፣ ዕቃውን ፈልጉ። ብረት ከሆነ ማግኔት በጠንካራ ክር አስሮ በአፉ በኩል ማውረድ ነው። አሉሚኒየምና ነሐስ ግን በማግኔት አይያዙም። ለእነሱ መቀመጫውን ፈትቶ፣ የታንከሩን ቡሎን አውልቆ፣ ቱቦውንና የቤንዚን መጠን የሚያሳየውን ገመድ ነቅሎ ታንከሩን ማውረድ ይሻላል። ከዚያ በቀስታ ገልብጦ ዕቃውን ወደ አፉ ማንከባለል። አትቸኩሉ። የብዙ ሞተር ታንከር በመሐል ጎድጎድ ብሎ በሁለት ጎን የተከፈለ ነው፤ ዕቃው ካንዱ ወደ ሌላው ይሸሻል። ጨርቅና ፌስታል ከሆነ በቀጭን ሽቦ ጫፉን ቆልምሞ መጎተት ነው።

አምስተኛ፣ ዕቃው ከወጣ በኋላ ታንከሩን በጥቂት ንጹሕ ቤንዚን አለቅልቁ፣ ያንንም በጨርቅ አጥልሉት። አንድ ስትፈልጉ ሦስት ልታገኙ ትችላላችሁ! ወንፊቱን እዩ፣ ከተቀደደ ይቀየር። ሁሉን ከገጠማችሁ በኋላ ቤንዚን ሞልታችሁ የሚያንጠባጥብ ቦታ አለመኖሩን አረጋግጡ። ከዚያ አስነሱ።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን ማስጠንቀቂያ ስሙ። አንዳንዱ ዕቃው እምቢ ሲለው «ታንከሩ ባዶ ነው እኮ» ይልና ሊቆርጠው፣ ሊበይደው ይነሳል። ወንድሜ ሆይ፣ ባዶው ታንከር ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው! የሚፈነዳው ፈሳሹ አይደለም፤ ከአየር ጋር የተቀላቀለው ተን ነው። በአየሩ ውስጥ ተኑ ከመቶ 1.4 ገደማ ሲደርስ መቀጣጠል ይችላል። ሙሉ ታንከር ውስጥ ለአየር ቦታ የለም። ባዶው ግን አየርም ተንም ሞልቶታል። ብየዳ ለሚያውቅና ታንከሩን በሚገባ አጥቦ ለሚያዘጋጅ ባለሙያ እንጂ ለማንም የሚደፈር ሥራ አይደለም።

ጌታችን ተጠርጎ ባዶ ስለቀረው ቤት የነገረን ምሳሌ ትዝ አላላችሁም? ማውጣት ብቻ አይበቃም። የወጣውን የሚተካ ንጹሕ ነገር ያስፈልጋል። ውሸትን ያወጣ ሰው እውነትን ካልሞላበት ያ ባዶ ቦታ አደጋ ነው።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። ለምን ደበቀ? ሌባ ስለሆነ አይደለም። ፈርቶ ነው። ታዲያ ጌቶች ሆይ፣ የጋራዥ ባለቤቶች፣ አባቶች፣ እናቶች፣ ሽማግሌዎች፣ እናንተን ልጠይቅ፤ ያ ልጅ ጠዋት መጥቶ «ጋሼ፣ ዳዶዋ ታንከሩ ውስጥ ገባችብኝ» ቢላችሁ መጀመሪያ ምን ትሉታላችሁ? ጥፊ ከሆነ የምትመልሱለት፣ በሚቀጥለው ጊዜ አይነግራችሁም። ዳዶዋም በባለሞተሩ መንገድ ላይ፣ በጨለማ፣ በቁልቁለት ላይ ትናገራለች። ሞተሩ መሐል መንገድ ላይ ሲጠፋ ከኋላ መኪና ይመጣ ይሆናል። የእኛ ቁጣ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ኤልሳዕ «አንተ ግዴለሽ!» አላለም። ቦታውን ጠየቀ። ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ዳዶ ማውጣት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። የተሰበረ ልጅን መጠገን ግን ዓመታት ይፈጃል። ተናግሮ የማይደበደብበት ጋራዥ፣ ተናግሮ የማይዋረድበት ቤት፣ ተናግሮ መጠቋቆሚያ የማይሆንበት ጉባኤ ይኑረን። እንዲህ ያለ ቦታ ከሌለ «ኃጢአታችሁን ተናዘዙ» እያልን ብንሰብክ ማን ይሰማናል?

አንተ ደግሞ ልጄ፣ አንቺም እህቴ፣ የተዋሳችሁትን ዕቃ እንደተበላሸ መልሳችሁ ዝም ያላችሁ ካላችሁ፣ ዛሬ ስልክ ደውሉ። «ያቺ ሞተር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ገብቷል፣ እንዳታስነሳት» በሉ። ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ግን የምሳሩ ሰው በጩኸቱ አላፈረም፤ ብረቱን መልሶ አገኘ።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ በልባችን ጥግ የወደቀውንና የሸፈንነውን ታያለህ። የወደቀበትን ቦታ ለማሳየት ድፍረት ስጠን። የሚነግሩንንም በርኅራኄ እንድንሰማ ልባችንን አለስልስ። በየመንገዱ በሞተር የሚሄዱትን ልጆቻችንን ጠብቅ። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

እስከ ሳምንት፣ ጸጋው ይብዛላችሁ።