ዘጠነኛው ቤት



ዛሬ የምናገረው ምሥጢርና ፍርሃትን አጣምረው ስለሚሠሩ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማዎች ነው። በ1ኛው ምዕራፍ አገር ያነጋግራሉ፤ ምዕራፉ በተደራረበ ቁጥር ግን ይደክማሉ። ስለ ምን?

እ.ኤ.አ. በ1990 ዴቪድ ሊንችና ማርክ ፍሮስት «ትዊን ፒክስ»ን ለአሜሪካ ተመልካች አቀረቡ። ሎራ ፓልመር የተባለች ልጃገረድ አስከሬን በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ውኃ ዳር ተገኘ፤ ማን ገደላት? 1ኛው ምዕራፍ 8 ክፍል ብቻ ነበር፤ 2ኛው 22 ክፍል ሆነ። ሊንች ምሥጢሩ እንዲገለጥ አልፈለገም፤ ኤቢሲ የተባለው ጣቢያ ግን ወጥሮ ያዘ። ገዳዩ ከ2ኛው ምዕራፍ አጋማሽ በፊት ታወቀ። ከዚያ ወዲያ ድራማው ምሰሶው እንደተነቀለ ጎጆ ሆነ፤ ተመልካቹ ሸሸ፣ በ1991 ተቋረጠ።

ከዚህ ተነሥቶ «ምሥጢር አይገለጥ» የሚል አለ፤ እኔ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው «ሎስት» ምሥጢር በምሥጢር ላይ እየከመረ መልሱን ሲያዘገይ፣ በ3ኛው ምዕራፍ ተመልካቹ ተሰላቸ። ጸሐፊዎቹ ከጣቢያው የጠየቁት ድራማው የሚያልቅበትን ቀን ነው። በ2007 ተፈቀደላቸው፤ በ2010፣ በ6ኛው ምዕራፍ ጨረሱ። ፍጻሜው ያላረካው ሰው ብዙ ቢሆንም፣ ቀኑ ከተቆረጠ ወዲህ ታሪኩ መንገዱን አግኝቷል።

ፍርሃትማ ከምሥጢርም ፈጥኖ ያልቃል። ሞጣ ልጅ ሳለሁ ሌሊት ከቤታችን ጓሮ ጅብ ሲጮህ አያቴ ጉያ እሸጎጥ ነበር። አንድ ማለዳ ጅብ ሞቶ መንገድ ዳር ተጋድሞ አየሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ድምፁ እንደ ድሮው አላስፈራኝም። ጭራቁ በየሳምንቱ ፊት ለፊት የሚታይበት ድራማም ዕጣው ይኸው ነው። የእኛው «ሰው ለሰው» ድራማ ያለ ጭራቅ አስፈርቶናል፤ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ በአደባባይ የተከበረ፣ በስውር ግን ክፉ ሰው ነበርና።

ድራማዎቹ ስለ ምን እንደሚደክሙ መልሱን ግን የማገኘው እዚሁ አገራችን፣ በዲማ ጊዮርጊስና በዋሸራ የቅኔ ጉባኤ ነው። ተማሪው በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ 2 ቤት ነው። እየበሰለ ሄዶ መወድስ ይደርሳል፤ 8 ቤት ነው። ባለቅኔው ሰሙን ሲዘረጋ ወርቁን በልቡ ይዟል፤ ሰሚውም የሚጓጓው ወርቁ መኖሩን አምኖ ነው። ጉባኤው ምንም ያህል ቢደሰት ለመወድስ 9ኛ ቤት አይጨመርለትም። ለድራማው ግን፣ ስለተወደደና ማስታወቂያ ስለመጣለት ብቻ፣ 9ኛውም 10ኛውም ይቀጠልለታል። ወርቁ ከወጣ በኋላ የሚጨመር ሰም ምኑን ይሸፍናል?

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዚሁ በዲማ ምድር የሚያልፍ ታሪክ ነው። ርዕሱ ራሱ ፍጻሜውን ይናገራል። ሆኖም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰው ሥራውን ትቶ ያዳምጥ ነበር። የፍቅረኞቹ የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ ነገር አንጀት የሚበላው መጨረሻው ስለተደበቀ አይደለም። እያንዳንዱ ክፍል ወደዚያ መቃብር አንድ እርምጃ ስለሚያስጠጋን ነው። ሐዲስ የሚሄዱበትን ያውቁ ነበር።

እናንተ የነገ የድራማ ጸሐፊዎች፣ አደራዬ ይህ ነው። የ1ኛውን ክፍል ከመጻፋችሁ በፊት የመጨረሻውን ጻፉ። ከጣቢያ ጋር ስትዋዋሉ የክፍሎቹን ቁጥር በውሉ አስፍሩ። «ሕዝቡ ወዶታልና ቀጥሉ» ሲሏችሁም ሌላ አዲስ ታሪክ ይዛችሁ ቅረቡ።