በለቅሶ ቤት ስለሚነገረው ነገር
(በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዘንድሮ እንድንናገርበት የታዘዝነው «መከራ ለምን ይመጣል?» የሚለውን ነው። እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የፈጀን፣ ትምህርታችንም ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነን። ይህ የመምህራን ጥያቄ ነው ብለን ነበር፤ ዳኛው ግን «ስንቱን ሟች በመዝገብ ያሰፈሩ እርስዎ ካልተናገሩ ማን ይናገራል?» ቢሉን መልስ አጣን።

ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረውን ሁላችንም ከልጅነታችን ሰምተነዋል። በአዳም በደል ሞት ወደ ዓለም ገባ፤ ሰው ነጻ ፈቃድ ስለተሰጠው ክፉውንም ይመርጣል፤ ሰይጣን ይፈታተናል፤ እግዚአብሔርም ወዳጆቹን በመከራ ይፈትናል። ይህን አንክድም። ይህ ሁሉ ግን ስለ ሰው ልጅ በጠቅላላው የተነገረ ነው። ችግር የሚመጣው «እገሊት ልጇ የሞተባት በዚህ ምክንያት ነው» ማለት ስንጀምር ነው።

አንድ በደላችንን እንናገር። የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም፣ እዚሁ ቡታጅራ ዳር፣ አንዲት የእድራችን አባል በአንድ ክረምት ሁለት ልጆች ሞቱባት። በሁለተኛው ልጅ ሰልስት ዕለት ከድንኳኑ ውስጥ ተነሥተን ንግግር አደረግን። ያን ጊዜ ጥሩ ተናጋሪ የሆንን ይመስለን ነበር። «እግዚአብሔር ያለ ምክንያት አይቀጣም፤ ቤታችንን እንመርምር» አልን። «ቤታችንን» ያልነው ለትሕትና ነው፤ እሷ ግን የማን ቤት እንደሆነ ገባት። ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲያ መዋጮዋን በሰው እጅ ትልክ ነበር እንጂ ለወር ስብሰባ መጥታ አታውቅም።

በዚያው ሰሞን መዝገብ የያዘ አንድ ልጅም እቤቷ ሄዶ ነበር። እንደምታስታውሱት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ፣ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በቡታጅራ ዙሪያ በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ ውስጥ፣ የሚወለደውንና የሚሞተውን ሰው ቤት ለቤት ያስመዘግብ ነበር። የእሷም ቀበሌ ከእነዚያ አንዱ ነው። መዝጋቢው የጠየቃት ሌላ ነው። ያስለው ነበር ወይ? ትንፋሹ ይፈጥን ነበር ወይ? ትኩሳቱ ስንት ቀን ቆየ? እንዲህ እየተጠየቀ ነው በአካባቢያችን ሕፃናትን በብዛት የሚገድሉት የሳንባ ምችና ተቅማጥ መሆናቸው የታወቀው። ሁለቱም መድኃኒት ያላቸው ናቸው። እንግዲህ እሱ ልጁ ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ እኛ እናቱ ምን እንዳደረገች ጠየቅን። እሱ ደመወዝተኛ ነው፤ እኛ ጎረቤት ነበርን።

ከዚህ በኋላ መጽሐፈ ኢዮብን በጸሐፊ ዓይን አነበብነው። ሙስሊም ወንድሞቻችንም አዩብ ብለው ትዕግሥቱን ያወሳሉ። ሦስቱ ወዳጆቹ፣ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር፣ ወሬውን ሰምተው መጡ፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይተነፍሱ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ይህ እድር ነው እንጂ! መዋጮ የለ፣ ድንኳን የለ። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ኃጢአት ባይኖርብህ ይህ ሁሉ ባልደረሰብህ ነበር እያሉ ቁስሉን ቆሰቆሱት። በመጨረሻም የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው ሲጮኽና ሲከራከር በሰነበተው በኢዮብ ላይ ሳይሆን፣ ለእግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው በቆሙት በእነርሱ ላይ ነው። ይቅር እንዲባሉም ኢዮብ እንዲጸልይላቸው ታዘዘ።

ደግሞ ሒሳቡን አየን፤ የሥራ ልማድ ነው። በጉ ከ7,000 ወደ 14,000፣ ግመሉ ከ3,000 ወደ 6,000፣ በሬውና አህያውም እንዲሁ እጥፍ ሆኖ ተመለሰለት። ልጆቹ ግን መጀመሪያም 10፣ በኋላም 10 ናቸው። ስሕተት መስሎን ሁለት ጊዜ ቆጠርን። አንድ መሪጌታ ብንጠይቃቸው «ከብቱ ጠፍቷል፤ የፊተኞቹ ልጆች ግን በእግዚአብሔር ዘንድ አሉ። ሃያ ናቸው» አሉን። በእኛ መዝገብ ለዚህ የሚሆን ዓምድ የለም።

ጌታም ቢሆን ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ኃጢአቱ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ የእሱም የወላጆቹም አለመሆኑን ነው የመለሰው። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎችም ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የባሱ እንዳልነበሩ ተናግሯል። እኛ ግን በ1977 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ «የኃጢአት ዋጋ ነው» ሲባል በጆሯችን ሰምተናል። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ እኮ አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ታከብር ነበር! ታዲያ ኃጢአተኛው ኮረም ሜዳ ላይ የተኛው ሕፃን ነው?

በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት እንደማይደረግ ታውቃላችሁ። ስለዚህ በሆሣዕና ዕለት ለሁላችንም በቁማችን ይደረግልናል። ያ ሳምንት የክርስቶስ መከራ የሚታሰብበት ነው። በሳምንቱ ውስጥ ስንሰግድ እንውላለን እንጂ መከራ ለምን እንደመጣ የሚያብራራልን የለም። እሱ ራሱ በመስቀል ላይ ሆኖ ለምን እንደተተወ ጮኾ ጠይቋል። እሱ የጠየቀውን አንዲት እናት ብትጠይቅ «ዝም በይ፣ አታማሪ» የምንላት በምን ሥልጣናችን ነው?

የዛሬ ስምንት ዓመት ባለቤታችን ስታርፍ ያቺ ሴት እዝን ይዛ መጣች። ሦስቱንም ቀን ከምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ስለ ሞት አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም። በሰልስቱ ማታ ብቻ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ እህል ቀመሱ?» አለችን። አልቀመስንም ነበር። እንጀራውን ጠቅልላ አጎረሰችን።

ስለዚህ ለዘንድሮው ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። በድንኳናችን እስከ ሰልስት ድረስ ከጸሎትና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ከማለት በቀር ንግግር አይደረግ። ካርታ የሚጫወቱት ወጣቶችም ድምፃቸውን ዝቅ ያድርጉ እንጂ አይባረሩ፤ ሌሊቱን ከሐዘንተኛ ጋር የሚያድሩት እነሱ ናቸው። ልጅ የታመመበት አባል ሲኖርም ጥሩንባ እስኪነፋ ሳይጠበቅ፣ ለጤና ጣቢያና ለመጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ ከእድሩ በብድር ይሰጠው። ቃለ ጉባኤውን ጽፈን ይዘናል፤ የጎደለው የእናንተ ፊርማ ነው።