ተራራው ራሱ መቅደስ ሲሆን

በጃፓን ናራ ግዛት፣ 467 ሜትር ከፍታ ባለው የሚዋ ተራራ ግርጌ፣ ኦሚዋ የሚባል ጥንታዊ የሺንቶ መቅደስ አለ። አምላኩ የሚያድርበት ዋና ሕንፃ የለውም፤ ምእመናን የሚሰግዱት ወደ ተራራው ነው፣ ማደሪያው እሱ ነውና። መውጣት የሚፈልግ ሰው ተመዝግቦ፣ ነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ አጥልቆ ይወጣል። እዚያ ፎቶ ማንሳት፣ ምግብ መብላት፣ ቅጠል መቀንጠስ ክልክል ነው። ጎብኚ ከሁሉ በላይ ሊያስተውለው የሚገባው ይህን ክልከላ ይመስለኛል፤ ደኑን ለዘመናት ያቆየው ከአጥር ይልቅ አክብሮት ነው።

«እምነት ብቻውን ደን አያድንም» የሚል ይኖራል፤ ማስረጃም አያጣም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 የጃፓን መንግሥት ትንንሽ መቅደሶች እንዲዋሃዱ አዘዘ፤ ብዙዎቹ ፈረሱ፣ የከበቧቸው ዕድሜ ጠገብ ዛፎችም ተቆረጡ። ይሁን እንጂ መጥረቢያው የገባው ክብሩ ከተነሣ በኋላ መሆኑን ልብ እንበል። ተመራማሪው ሚናካታ ኩማጉሱ አዋጁን አጥብቀው የተቃወሙትም ለዚህ ነበር፤ መቅደሱ ሲፈርስ ደኑ፣ በውስጡ ያሉት ፍጥረታትና የመንደሩ አብሮነት አብረው እንደሚጠፉ አይተዋል። በ1910 ቢታሰሩም ሙግታቸውን አልተዉም።