ቀለምንና ቫርኒሽን በሙቀት ስለ ማጽናት



ተማሪ በእጅ ሥራ ትምህርት ከቆርቆሮ ኩራዝ ወይም ከእንጨት ሣጥን ሠርቶ ቀለም በቀባው ጊዜ ቶሎ ደርቆ ለማየት ይቸኩላል፤ ስለዚህም ወደ ምድጃ ያስጠጋዋል። ሙቀት ቀለምን እንደሚያጸና ማወቁ መልካም ነው። ዳሩ ግን ሙቀትና እሳት አንድ አለመሆናቸውን ካልተማረ፥ ሥራው ብቻ ሳይሆን ገላውም ቤቱም ሊቃጠል ይችላል።

በዘይት የተሠራ ቀለም የሚጸናው በሁለት ደረጃ ነው። በመጀመሪያ ቀለሙን ያቀጠነው አኳራጅ ወይም ቲነር እየተነነ ይወጣል። ቀጥሎ የቀረው ዘይት ከአየር ኦክሲጅን እየሳበ ይጠነክራል። ሙቀት የሚጠቅመው ለዚህ ለሁለተኛው ደረጃ ነው። አስቀድሞ ከመጣ ግን የላዩ ገጽ ይዘጋና ከሥር የቀረው ተን መውጫ አጥቶ ቀለሙን ያሳብጠዋል። ከዚህም የሚከፋው፥ ይህ ተን ከአየር ይልቅ ከባድ ስለ ሆነ በወለል ላይ እየተሳበ ይሄዳል፤ ራቅ ካለ ፍም በደረሰ ጊዜም ተቀጣጥሎ ነበልባሉ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። ስለዚህ ምድጃው ሩቅ ነው ብሎ መታመን ሞኝነት ነው።

ይህ ጥበብ አዲስ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት በዌልስ አገር በፖንቲፑል ከተማ፥ ኦልጉድ የተባሉ ቤተ ሰቦች በቆርቆሮ ከተለበጠ ስስ ብረት ትሪና ሣጥን እየሠሩ፥ በተልባ ዘይት የተዘጋጀ ቫርኒሽ እየቀቡ በምድጃ ሙቀት ያጸኑት ነበር። የዕቃቸው ጥንካሬ የመጣው ከእሳቱ ብርታት አይደለም፤ ሙቀቱን ለስለስ አድርጎ ብዙ ጊዜ ከማቆየት ነው እንጂ።

ለገጠር ትምህርት ቤት ግን ከምድጃ የሚሻል ነገር አለ፤ ይኸውም ፀሐይ ነው። የስዊስ አገር ሊቅ ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶስዩር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1767 ዓመት በመስተዋት የተከደነ ሣጥን ሠርቶ በፀሐይ ኃይል ብቻ ብዙ ሙቀት ሊሰበሰብ እንደሚቻል አሳይቷል። መምህሩም ውስጡ ጥቁር የተቀባና በደንብ የደረቀ ሣጥን አዘጋጅቶ በመስተዋት ይክደነው፤ የቀረው ተን እንዲወጣም ከታችና ከላይ ቀዳዳ ይተውለት። በዚህ ሣጥን ውስጥ ሙቀት አለ፤ ነበልባል ግን የለም።

አሠራሩም እንዲህ ነው። አንደኛ፥ ዕቃው በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ከአቧራና ከቅባት ይጽዳ። ሁለተኛ፥ ቀለሙ ስስ ሆኖ ይቀባ፤ አንድ ወፍራም ከመቀባት ሁለት ስስ መቀባት ይሻላልና። ሦስተኛ፥ ዕቃው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር፤ የአኳራጅ ሽታ እስኪጠፋ ድረስም ወደ ሣጥኑ አይግባ። አራተኛ፥ ሙቀቱ በመለኪያ ይታይ። ለብረት 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ለጥቂት ሰዓት ይበቃል። እንጨት ግን በብዙ ሙቀት ይሰነጠቃል፥ ሙጫውም ይወጣል፤ ስለዚህ ከ40 ዲግሪ ባያልፍ ይሻላል። ፕላስቲክም በ60 ዲግሪ የሚለሰልስ አለና በጥላ ቢደርቅ ይበጃል። ሙቀቱ የበዛ እንደ ሆነ መስተዋቱን ገለጥ ማድረግ ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንደ ተባለ፥ የተቻኮለ ቀለም ተፍቆ እንደገና ይቀባል።

ከዚህ በቀር የሚጠነቀቁበት ነገር አለ። ምግብ በሚበስልበት ምጣድ ወይም ፉርኖ ቀለም የተቀባ ዕቃ ከቶ አይግባ። ዘይት ያለበት ቀለም የተጠረገበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ፥ ዘይቱ ሲጠነክር በሚያወጣው ሙቀት ያለ ክብሪት ሊቃጠል ይችላል፤ ስለዚህ በደጅ ተዘርግቶ ይድረቅ፥ ወይም ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ይነከር። ለመኪና የሚሆነውና ማጠንከሪያ ተጨምሮበት የሚረጨው ጥርት ያለ ቫርኒሽ ብዙውን ጊዜ ኢሶሲያኔት የተባለ ነገር አለበት፤ ይህም ሳንባን ጎድቶ አስም ያመጣል፥ በአፍንጫ ላይ የታሰረ ጨርቅም አይከለክለውም። ስለዚህ ለልጆች ሥራ አይገባም። አሮጌ ቀለምንም በእሳት መላጥ ክልክል ይሁን፤ በውስጡ እርሳስ ሊኖር ይችላልና፥ ጢሱና ትቢያው የልጅን አእምሮ ይጎዳል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 የኢትዮጵያ መንግሥት በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ በደንብ የወሰነው ስለዚህ ነው።

የመንደር ሽማግሌም ወደ ትምህርት ቤቱ በመጣ ጊዜ፥ ያማረውን ሣጥን ከማመስገኑ በፊት ልጁን «ስንት ቀን አቆየኸው? እሳትስ ከወዴት ነበረ?» ብሎ ይጠይቀው። በትክክል የመለሰ ልጅ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ጥበቡንም ይዟልና ምስጋናው ይገባዋል።