በዶሴ ውስጥ ያደረ ደም



የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ የሚባለውን መጽሐፍ ሰው ሁሉ ያነበዋል፤ ነገር ግን አነበብሁ ብሎ በግልጥ የሚናገር ጥቂት ነው። የታሪክና የግብረ ገብ መጽሐፍ በጠረጴዛ ላይ ይታያል፤ የነፍሰ ገዳይና የመርማሪ መጽሐፍ ግን በመሳቢያ ውስጥ ይደበቅና አለቃ ሲወጣ ብቻ ይከፈታል። «ጊዜ ማባከኛ ነው» እየተባለ ይነቀፋል፤ ነቃፊውም ራሱ ማታ ከጀመረው ሳይጨርስ መብራቱን አያጠፋም። ዛሬ የምናገርለት መጽሐፍ ከዚሁ ወገን የሚቈጠር ነው። ሆኖም ደብዳቤ ሲያረቅ፥ ዶሴ ሲመራና ማኅተም ሲያሳርፍ ለሚውል ሰው ተብሎ የተጻፈ ስለሚመስል፥ ከመሳቢያ ወጥቶ በጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ አያሳፍርም።

መጽሐፉን የጻፈው ፈረንሳዊው ደራሲ ዲዲዬ ዴናንክስ ነው፤ ርእሱም ወደ እኛ ቋንቋ ቢመለስ «ግድያ ለመታሰቢያ» እንደ ማለት ይሆናል። ደራሲው በ1949 ዓ.ም. ለፓሪስ ጎረቤት በሆነችው በሳን ዴኒ ከተማ ተወለደ፤ ብዕር ከማንሣቱ በፊት በማተሚያ ቤት ሠራተኛነት ይተዳደር ነበር። (ዓመቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አድማጮች ይረዱልኝ።) መጽሐፉ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ታትሞ ወጣ፤ በ1985 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ለወንጀል ምርመራ ድርሰት የሚሰጠውን ታላቅ ሽልማት አገኘ።

ታሪኩ የሚጀምረው በፓሪስ ከተማ፥ ኦክቶበር 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ቀኑ ከመሸ በኋላ ነው። ይህ ቀን የደራሲው ፈጠራ አይደለም። አልጄሪያ ከፈረንሳይ አገዛዝ ነጻ ለመውጣት በምትዋጋበት በዚያን ዘመን፥ የፓሪስ ፖሊስ የበላይ አለቃ ኦክቶበር 5 ቀን አንድ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። ይኸውም አልጄሪያውያን ሠራተኞች ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ በመንገድ ላይ እንዳይገኙ የሚል ነው። የማስታወቂያው አነጋገር የክልከላ አልነበረም፤ አጥብቆ የመምከር ነበር። በመሥሪያ ቤት የኖረ ሰው የእንዲህ ያለውን ምክር ፍች ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

አልጄሪያውያኑም ይህን በመቃወም ከ20 ሺህ እስከ 30 ሺህ የሚደርሱ ሆነው፥ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን አስከትለው፥ መሣሪያ ሳይዙ ወደ ከተማው መካከል ወጡ። ፖሊሶች በዱላና በጥይት ተቀበሏቸው፤ ወደ ሴን ወንዝ የተወረወሩም ነበሩ። በዚያች ሌሊት ከ11 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ተያዙ። መንግሥት በጊዜው የሞቱትን በጣት የሚቈጠሩ ናቸው ሲል አስታወቀ፤ በኋላ ነገሩን የመረመሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ቍጥሩን ከብዙ ዐሥሮች ጀምረው ከ200 በላይ እስከ ማድረስ ሄደዋል።

ደራሲው በዚህ ሁካታ መካከል ሮዤ ቲሮ የሚባል አንድ ሰላማዊ ፈረንሳዊ መምህር ያስገባል። ይህ ሰው ታሪክ ያስተምራል፤ ከሰልፈኞቹ ጋር አንዳች ጉዳይ የለውም። ነፍሰ ጡር ሚስቱ ወደምትጠብቀው ቤቱ ሊገባ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው፥ የጸጥታ አስከባሪዎችን ልብስ የለበሰ ሰው ቀረብ ብሎ በሽጉጥ ራሱን መታው። በማግሥቱ ማን ይጠይቃል? ብዙ ሰው በሞተበት ሌሊት አንድ ሬሳ ቢጨመር የሒሳቡ መዝጊያ አይለወጥም። ዶሴው ተዘጋ።

ከ20 ዓመት በኋላ አባቱን በዓይኑ አይቶት የማያውቀው ልጅ በርናር አድጎ እርሱም እንደ አባቱ የታሪክ ሰው ሆኗል። ከእጮኛው ጋር ለዕረፍት ሲጓዝ በደቡብ ፈረንሳይ በምትገኘው በቱሉዝ ከተማ ያርፍና ወደ መዝገብ ቤት ገብቶ የቆዩ ወረቀቶችን ሲያገላብጥ ይውላል። ከዚያ ሲወጣ በመንገድ ላይ በጥይት ተገደለ። ነገሩን እንዲመረምር የታዘዘው ካዳን የሚባል ወጣት የፖሊስ መርማሪ ነው። ይህ ካዳን በደራሲው በሌሎቹም መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል፤ ሁልጊዜ ከከተማ ወደ ከተማ የሚዛወር ሰው ነው። ዝውውሩ ሹመት አለመሆኑን አንባቢው ወዲያው ይረዳዋል፤ አለቆቹ ዝም እንዲል በፈለጉት ጊዜ ዝም የማይል ሰው ስለ ሆነ ነው።

መርማሪው እንደ ልማዱ በቅርብ ያለውን ሁሉ ይፈትሻል። ሴት አለበት? ገንዘብ አለበት? ጠላት ነበረው? አንዱም አይገኝም። በመጨረሻ ለነገሩ መፍቻ የሆነው አንድ ቀላል ጥያቄ ነው፤ ልጁ በዚያን ዕለት ያነበበው ምን ነበር? ይህን ሲጠይቅ አባትየውም ከመሞቱ በፊት ያንኑ ወረቀት ሲከተል እንደ ነበረ ይደርስበታል። አባትዮው የተወለደባትን ከተማ የድራንሲን ታሪክ ይጽፍ ነበር።

ድራንሲ ለብዙዎቻችን እንግዳ ስም ስለ ሆነ ጥቂት ልበል። ከፓሪስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለች አነስተኛ ከተማ ናት። ለሠራተኞች መኖሪያ ተብሎ ተጀምሮ ያላለቀ ትልቅ ፎቅ ነበረባት፤ ፈረንሳይ በጀርመን እጅ በነበረችበት ጊዜ ከኦገስት 1941 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ ቤት የአይሁድ ማጐሪያ ሆነ። ከመላው ፈረንሳይ ከተጋዙት 76 ሺህ ከሚያህሉ አይሁድ መካከል 63 ሺህ ያህሉ ወደ ሞት ካምፖች የተጫኑት በድራንሲ በኩል ነው። እስከ 1943 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ ካምፑን ያስተዳድሩ የነበሩት ፈረንሳውያን ናቸው፤ በዘብነት የቆሙትም ፈረንሳውያን ጃንደርሞች ነበሩ። ሰዎቹን ከየአውራጃው ሰብስቦ ወደዚያ ለመላክ ደግሞ የስም ዝርዝር፥ የባቡር ትእዛዝ፥ የአጃቢ ምደባና የደብዳቤ ግልባጭ ያስፈልግ ነበር። ይህን ሁሉ የሠራው ወታደር አይደለም፤ ጸሐፊ ነው።

የመጽሐፉ ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ከእነዚህ ወረቀቶች በአንዳንዶቹ ላይ ፊርማው ያረፈ አንድ የአስተዳደር ሹም ነበረ፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን ማንም ሳይጠይቀው ከማዕርግ ወደ ማዕርግ ወጥቶ ከመንግሥቱ ታላላቅ ሰዎች አንዱ ሆኗል። የሰውዬውን ስም አልጠራም፤ መጽሐፉን ልታነቡ የምታስቡትን አላስቀይምም። ወረቀቱ ግን አልተቃጠለም። በቱሉዝ መዝገብ ቤት ከተራ የከተማ ጉዳዮች ጋር በፊደል ተራ ተሰልፎ ተቀምጧል። ሰውዬው ያንን መዝገብ የሚከፍት ሁሉ ጠላቱ ነው። የሚገድለው በቍጣ አይደለም፥ ለርስት ወይም ለሴትም አይደለም፤ ወንበሩን ለመጠበቅ ነው።

ብዙ የምርመራ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ መርዝ በሻይ ውስጥ ሲጨመር፥ ቢላዋ በመጋረጃ ሲጠረግ አይቼአለሁ። በፊደል ተራ የተቀመጠ ዶሴን ያህል ያስደነገጠኝ የለም። ደራሲውም በዚህ ስፍራ አይጮኽም፥ አይሰብክም፤ ደብዳቤው በለመደው በቢሮ ቋንቋው እንዲናገር ይተወዋል። ጨዋ ሰላምታ፥ ቍጥር፥ ቀን፥ ፊርማ፤ በመካከሉም ሰዎች እንደ ዕቃ ይቈጠራሉ።

ወረቀት በጸሐፊው ላይ መልሶ መመስከሩ ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ የፍርድ ሚኒስቴር በ1949 ዓ.ም. ስለ ፋሺስት ኢጣልያ የጦር ወንጀል ባሳተመው የማስረጃ መጽሐፍ ውስጥ ዋናዎቹ ምስክሮች የኢጣልያ ሹማምንት ራሳቸው የላኳቸው ቴሌግራሞች ነበሩ። ግራዚያኒ በ1950 ዓ.ም. በአገሩ ፍርድ ቤት 19 ዓመት እስራት ተፈርዶበት በጥቂት ወራት ውስጥ ወጣ፤ ያውም የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር ስለ ማበሩ እንጂ በአዲስ አበባ ስላፈሰሰው ደም አልነበረም።

አሁን ወደ ልብ ወለዱ ልመለስ። በዚያን ጊዜ መጽሐፉን ያነበበ ፈረንሳዊ ሁሉ ሹሙ ማንን እንደሚመስል ሳይጠረጥር አልቀረም። ሞሪስ ፓፖን የሚባል ሰው ከ1942 እስከ 1944 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፥ በቦርዶ ከተማ፥ የአገረ ገዥው ጽሕፈት ቤት ዋና ጸሐፊ ነበረ። በ1961 ዓ.ም. ያንን የሰዓት እላፊ «ምክር» ያወጣው የፓሪስ ፖሊስ አለቃም እርሱ ራሱ ነው። ከ1978 እስከ 1981 ዓ.ም. ደግሞ የበጀት ሚኒስትር ሆነ። ሜይ 6 ቀን 1981 ዓ.ም. «ለ ካናር አንሼኔ» የተባለው ጋዜጣ ከቦርዶ መዛግብት የተገኙ፥ ፊርማው ያለባቸውን ወረቀቶች አወጣ። ዴናንክስ ያደረገው ከተማውን ከቦርዶ ወደ ቱሉዝ ማዛወር፥ ስሙን መለወጥና ሁለት ግድያ መጨመር ነው። ሁለቱን ዘመን የሚያያይዘውን ሰው ግን ሊፈጥረው አላስፈለገውም።

መጽሐፉ እንከን የለውም አልልም። አጋጣሚው አንዳንድ ጊዜ ይበዛል። የፍጻሜውም ነገር ያጠራጥረኛል፤ ጥፋተኛው ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ታሪኩ ይዘጋል። እንዲህ ያለው አዘጋግ አንባቢውን ለጊዜው ያረካል፤ መንግሥቱን ግን ከመጠየቅ ያድነዋል። በመጨረሻው ገጽ አካባቢ ያለው ሥዕል ከዚህ ይበልጣል። በመሬት ውስጥ ባቡር ጣቢያ ሠራተኞች የግድግዳ ማስታወቂያ ይልጣሉ፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው እየታየ በመጨረሻ ከሁሉ ሥር የጀርመን ዘመን ዐዋጅ ብቅ ይላል።

በእውነተኛው ዓለም ግን ነገሩ ዳኛ ፊት ደረሰ፤ ለመድረስ ከ50 ዓመት በላይ ፈጀ እንጂ። የፓፖን ችሎት በቦርዶ ኦክቶበር 8 ቀን 1997 ዓ.ም. ተከፍቶ ኤፕሪል 2 ቀን 1998 ዓ.ም. አበቃ። መከላከያው ለመሥሪያ ቤት ሰው የታወቀ ነው፤ በአገረ ገዥው ስም ፈረምሁ እንጂ ውሳኔው የእኔ አይደለም፥ መካከለኛ ነበርሁ፥ የሚላኩበትንም አላወቅሁም አለ። በእርግጥም በብዙዎቹ ደብዳቤዎች ግርጌ «ስለ አገረ ገዥው» የሚል ቃል ከፊርማው በላይ ይገኝ ነበር። ፍርድ ቤቱ በመግደል ተባባሪነት አልፈረደበትም፤ ሰዎችን ያለ አግባብ በማስያዝና በማሰር በሰብአዊነት ላይ ለተፈጸመ ወንጀል ተባባሪ ነበር ብሎ የ10 ዓመት እስራት ፈረደበት። «ስለ» የምትለዋ ቃል ግማሹን ጥፋት ተሸከመችለት ማለት ነው፤ ግማሹን ግን አልቻለችም። በ1999 ዓ.ም. ወደ ስዊስ ሸሽቶ ተያዘ፤ በ2002 ዓ.ም. በሕመም ምክንያት ተለቀቀ። የክብር ሌጌዎን ኒሻኑም ተገፍፎ ነበር፤ እርሱ ግን ማድረጉን ባለ መተዉ በ2004 ዓ.ም. 2,500 ዩሮ ተቀጣ። በ2007 ዓ.ም. ሲሞት ወዳጆቹ ኒሻኑን በሬሳ ሣጥኑ ውስጥ አኑረው ቀበሩት።

ይህ ሰው ከፍርዱ በኋላም አንድ ክስ አቅርቦ ነበር። ዣን ሉክ ኤኖዲ የሚባል ጸሐፊ ስለ 1961ዱ ሌሊት የሞቱትን ሰዎች ነገር ለብዙ ዓመታት መርምሮ፥ ፖሊሶቹ በፓፖን ትእዛዝ ሥር ሰው ጨፈጨፉ ብሎ ስለ ጻፈ፥ ስሜን አጠፋ ሲል ከሰሰው። ኤኖዲ ደግሞ በእጁ በቂ ወረቀት አልነበረውም፤ የፓሪስን መዛግብት ለማየት ጠይቆ ተከልክሎ ነበር። በዚህ ጊዜ ብሪዢት ሌኔና ፊሊፕ ግራን የተባሉ ሁለት የፓሪስ መዝገብ ቤት ሠራተኞች ለተከሳሹ መሰከሩ። አንደኛዋ ችሎት ቀርባ ተናገረች፥ ሁለተኛው ቃሉን በጽሑፍ ሰጠ። በአደራ በሚጠብቁት የዐቃቤ ሕግ መዝገብ ውስጥ የሟቾቹ ነገር እንደሚገኝ አስረዱ። ፍርድ ቤቱም ማርች 26 ቀን 1999 ዓ.ም. ኤኖዲ በቅን ልቡና የጻፈ መሆኑን ተቀብሎ በነጻ አሰናበተው።

የልብ ወለዱ ካዳን ሲያስቸግር ይዛወር ነበር። ሁለቱ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ግን አልተዛወሩም፤ ከሥራም አልተባረሩም። ወደ መሥሪያ ቤታቸው ሲመለሱ ሥራቸው ከእጃቸው ተወስዶ ቆያቸው፤ ከዚያም በኋላ ለበርካታ ዓመታት ሥራ ሳይሰጣቸው በዚያው ተቀመጡ።