የድሮ የቤዝቦል ካርድ ስንገዛ የትኛውን ጉድለት እንቀበል?

(በማኅበራችን የወጣቶች ምሽት ላይ ከቀረበ ንግግር)



መጀመሪያ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁንን እንመልስ። «ለአንዲት ቁራጭ ወረቀት ይህ ሁሉ ገንዘብ?» ትሉናላችሁ። እውነት ነው፣ ወረቀት ናት። አሜሪካ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ የቤዝቦል ተጫዋቾች ምስል በትንሽ ካርቶን ላይ እየታተመ፣ መጀመሪያ ከሲጋራ፣ በኋላም ከማስቲካ ጋር ይሸጥ ነበር። ልጆቹ ማስቲካውን ያኝካሉ፣ ካርዱን ይለዋወጣሉ፣ በላስቲክ አስረው ጫማ ካርቶን ውስጥ ይወረውሩታል። አንዳንዱማ በብስክሌቱ ጎማ ሽቦ ላይ ሰክቶ ያስጮኸው ነበር። ታዲያ ንጹሕ ሆኖ የተረፈው ጥቂት ነው። ቶፕስ የተባለው ኩባንያ በ1952 ያሳተመው የሚኪ ማንትል ካርድ፣ እጅግ ንጹሕ ከሆኑት አንዱ፣ በ2022 በጨረታ 12.6 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ያው ካርድ ታጥፎና ተልጦ ሲገኝ ግን ዋጋው በብዙ መቶ እጥፍ ይወርዳል። ልዩነቱን የሚያመጣው እንግዲህ ጉድለቱ ነው፤ ዛሬ የምናወራውም ስለ እሱ ነው።

እኛ ስድስት ሆነን ገንዘብ ያዋጣነው ለማንትል አይደለም፤ አቅማችንን እናውቃለን። የፈለግነው የሳንዲ ኩፋክስን የ1955 ካርድ ነበር። ቶፕስ ያሳተመው የመጀመሪያ ካርዱ ነው፣ ቁጥሩ 123፤ ያኔ ገና ለብሩክሊን ዶጀርስ የሚወረውር ወጣት ነበር። በ1965 የዓለም ዋንጫ ተብሎ በሚጠራው የአሜሪካ ፍጻሜ የመጀመሪያው ጨዋታ ከአስተሰርዮ፣ ከዮም ኪፑር ጋር ሲገጥም «አልጫወትም» ያለው እሱ ነው። ለምን እሱን እንደመረጥን ከዚህ በላይ ማስረዳት ያለብን አይመስለንም።

ገበያው ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት ቁጥር ነው። እንደ ፒ.ኤስ.ኤ. ያሉ ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች ካርዱን መርምረው ከ1 እስከ 10 ቁጥር ይሰጡትና በፕላስቲክ ያሽጉታል። ይጠቅማል፣ አንክድም። ግን አንድ ቁጥር ስንት ነገር እንደሚሸከም አስቡት፤ ማዕዘኖቹን፣ ጠርዞቹን፣ ገጹን፣ ምስሉ መሃል መሆን አለመሆኑን፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ጠቅልሎ ነው። ሁለት ካርዶች እኩል 3 ሊያገኙ ይችላሉ። አንዱ ከጀርባው ትንሽ መታጠፍ ስላለበት፣ ሌላው ደግሞ የተጫዋቹ ፊት ላይ እድፍ ስላለበት። ግድግዳችሁ ላይ ብትሰቅሏቸው እኩል ናቸው እንዴ?

ለእኛ የቀረቡልን ሁለት ነበሩ። የመጀመሪያው 4 ያገኘ፣ ማዕዘኖቹ ሹል ናቸው። ነገር ግን ምስሉ ሲቆረጥ ወደ ግራ ሸሽቶ በአንድ በኩል ነጩ ዳር ክር አክሏል፤ በዚያ ላይ ኩፋክስ ጉንጭ ላይ የማተሚያ ነጠብጣብ አለ። ሁለተኛው 2 ነው። አራቱም ማዕዘኖች ክብ ሆነዋል፣ ከታች ጥግ ላይ በጀርባ በኩል የመታጠፍ መስመር አለ። ወደ ፊት ገልብጣችሁ ስታዩት ግን ምስሉ መሃል ላይ ነው፣ ቀለሙ ትኩስ ነው፣ ፊቱ ጥርት ያለ ነው።

ሁለት ሳምንት ተከራከርን። በኋላ አንዲት እህታችን ቀላል ዘዴ አመጣች። ሁለቱን ፎቶ ለታናሽ ወንድሟ አሳይታ «የትኛው ያምራል?» አለችው። ልጁ ሳያመነታ ሁለተኛውን ጠቆመ። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ፊት ላይ ነዋ፤ ከዚያ ዳርና ዳሩ እኩል መሆኑ ላይ። ክብ ማዕዘን ዓይንን አይከለክልም፤ እንዲያውም ካርዱ በልጅ እጅ ውስጥ እንደኖረ ይናገራል። ሁለተኛውን ገዛን፤ ዋጋውም በብዙ ያንስ ነበር። ከእኛ መካከል አንዱ እስከ ዛሬ አልተስማማም። «ነገ ልንሸጠው ብንፈልግ ገዢው የሚጠይቀው ቁጥሩን ነው» ይላል። ልክ ነው። አትርፎ ለመሸጥ የሚገዛ ሰው የእኛን ምክር ባይሰማ ይሻለዋል።

እስካሁን ያልናቸው ከማተሚያ ቤት የመጡ ወይም በአገልግሎት ብዛት የደረሱ ጉድለቶች ናቸው። የሚያስፈራን ግን የተደበቀው ነው። ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ጋር ከወጡት ካርዶች ውስጥ የሆነስ ዋግነር በጣም የታወቀው ነው። ከነዚህ አንዱን የሆኪ ተጫዋቹ ዌይን ግሬትስኪ ከአጋሩ ጋር በ1991 በ451,000 ዶላር ገዛው። ፒ.ኤስ.ኤ. ደረጃ የሰጠው የመጀመሪያው ካርድ ይኸው ነበር፤ 8 አገኘ። በ2013 ነጋዴው ቢል ማስትሮ የካርዱን ጠርዝ እንደከረከመ አመነ። ያረጀውን ዳር ቆርጦ አዲስ ማስመሰል ማለት ነው። ቁጥሩ ይህን አላየም።

በጎንደር ገበያ እናቶቻችን ሸክላ ሲገዙ በጣታቸው መታ መታ አድርገው ይሰሙ ነበር፤ የተሰነጠቀ ድስት ድምፁ ያስታውቃል። ካርድ አይመታም፣ ግን ይለካል፣ በብርሃንም ይታያል። የ1955 ቶፕስ ካርድ 9.5 በ6.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ1957 ወዲህ ያሉት 8.9 በ6.4 ገደማ ናቸው። በግልጽ ካነሰ ጠይቁ። ገጹ ሁሉ አርጅቶ ጠርዙ ብቻ እንደ ትናንት ከሆነም ጠይቁ። የ1971 ካርዶች ዳራቸው ጥቁር ስለሆነ ትንሽ ሲላጡ ነጩ ይወጣል፤ ያንን በጥቁር እስክሪብቶ የሚቀባ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ጠርዙን በጎን አስጠግታችሁ እዩት።

ሻጩ በስካነር ያነሳውን ምስል ብቻ ከላከላችሁ አትቸኩሉ። የስካነር ብርሃን ቀጥታ ስለሚያርፍ ቀጭን የመታጠፍ መስመርን ይሰውራል። ካርዱን ዘንበል አድርጎ ከጎን በሚመጣ ብርሃን እንዲያነሳው፣ ጀርባውንም እንዲጨምር ለምኑት። እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ ሞልቷል። ፕላስቲኩ ላይ ያለ ጭረት ካርዱ ላይ ያለ እንዳይመስላችሁ ደግሞ፤ እኛን ሁለት ቀን ያከራከረን አንድ ጭረት የፕላስቲኩ ሆኖ ተገኝቷል። እናንተ ታናናሾቻችን፣ ከመክፈላችሁ በፊት የመላኪያውንና የታክሱን ወጪ ደምሩ፤ መመለስ የሚቻልበትን ቀንም በጽሑፍ ያዙ። ለወላጆቻችሁም አስቀድማችሁ ንገሩ።

ካርዱ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ማጉያ መነጽርም አስቀምጠናል። የታጠፈውን ጥግ ፈልጉት፤ እስካሁን ሳይነገረው ያገኘው አንድ አባት ብቻ ነው። ቡና የያዛችሁ ግን እባካችሁ መጀመሪያ ጨርሱ።