የአየርላንድ መታሰቢያ የብር ሳንቲሞች
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



የአየርላንድን መታሰቢያ የብር ሳንቲሞች የሚሰበስብ ሰው ሥራውን ሊጀምር የሚገባው፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ከወጣው ባለ 10 ሽልንግ ነው። ይህ ሳንቲም የ1916ቱ የፋሲካ አመፅ 50ኛ ዓመት መታሰቢያ ሲሆን፥ በአንድ ፊቱ በዚያው በአመፁ ዓመት በጥይት የተገደለው የፓትሪክ ፒርስ መልክ፥ በሌላው ፊቱ የጥንቱ ጀግና የኩሁለን ሐውልት ይታያል። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ኩሁለን ቆሞ ለመሞት ሲል ራሱን ከድንጋይ ዓምድ ጋር አሰረ፤ ጠላቶቹም ቁራ በትከሻው ላይ እስኪያርፍ ድረስ ሊቀርቡት አልደፈሩም። የኦሊቨር ሼፐርድ ሥራ የሆነው ይህ ሐውልት የአመፁ ዋና ሰፈር በነበረው በደብሊን ጠቅላይ ፖስታ ቤት ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የፒርስን መልክ የቀረጸው ቶማስ ሃምፍሪ ፓጄት የንጉሥ ጆርጅ 6ኛን መልክ ለእንግሊዝ ሳንቲም የቀረጸው ሰው ነው፤ ሳንቲሙም የተመታው በብሪታንያ ንጉሣዊ ገንዘብ ማተሚያ ነው። አየርላንድ የራሷን ማተሚያ ያቋቋመችው በ1978 ነውና።

ክብደቱ 18.14 ግራም፥ የብሩ ንጽሕና 83.3 በመቶ ነው፤ ይኸውም በኢትዮጵያ ገበያ ረዥም ዘመን ከኖረው ከማሪያ ቴሬዛ ብር ንጽሕና ጋር ይተካከላል። ለመገበያያ 2,000,000 ያህል ቢመታም ሕዝቡ አልወደደውም፤ የ10 ሽልንግ ወረቀት ገንዘብ በእጁ ሳለ ይህን ከባድ ብር በኪሱ ስለ ምን ይሸከም? ስለዚህም 1,270,000ው ተሰብስቦ ቀለጠ።

ለሰብሳቢዎች ተለይቶ የወጣው ፕሩፍ 20,000 ነው። ፕሩፍ ማለት በተወለወለ ጥፍጥፍ ላይ፥ በተወለወለ ቅርጽ፥ በጥንቃቄ የሚመታ ሳንቲም ነው፤ ሜዳው እንደ መስተዋት ያበራል፥ የፊደሉም ጠርዝ ስለታም ነው። ገዢ ሊጠነቀቅ የሚገባው ከዚህ ላይ ነው። ተራው ሳንቲም በጨርቅና በዱቄት ሲፈተግ ያብለጨልጫል፤ ዳሩ ግን በማጉያ መነጽር ሲታይ ጭረቱ ይገለጣል፥ ፊደሉም ደንዝዟል። እውነተኛውን ፕሩፍ እንኳ ባለቤቱ ራሱ ወልውሎ ዋጋውን ያጠፋዋል።

በ2013 የአየርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ለጄምስ ጆይስ መታሰቢያ ያወጣው ባለ 10 ዩሮ የብር ፕሩፍ፥ ከደራሲው መጽሐፍ በተጠቀሰው ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንዲት ትርፍ ቃል ገብታበታለች። ባንኩ ስሕተቱን አምኖ፥ ለሚመልስ ሰው ገንዘቡን ለመመለስ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ የገዛው ግን ሳንቲሙን ከነስሕተቱ አውቆ የገዛ ነው።